ደላላ በበዛ ቁጥር ዋጋ ይወጣል? የድረ ገጽ ማስታወቂያ ተረትና እውነታ

ቢቸና ገበያ ጤፍ ይዞ የወጣ ገበሬ ከአንድ ነጋዴ ብቻ ዋጋ ሰምቶ ጆንያውን አያራግፍም። ወዲያ ወዲህ ብሎ ሁለት ሦስቱን ያነጋግራል። እዚያው ቢቸና ወይም ሞጣ ተቀምጦ ስለ ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም የቅኔ ትምህርት ድረ ገጽ የሚከፍት ወጣት ግን የማስታወቂያ ቦታውን ለመጀመሪያው አገናኝ ድርጅት አስረክቦ ገንዘብ መጠበቅ ይጀምራል። ለዚህ የሚዳርጉት ከአፍ ወደ አፍ የሚዞሩ ጥቂት እምነቶች ናቸው።

«ያለው ጎግል ብቻ ነው» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። የጎግል አድሴንስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዛሬ ሚዲያ ዶት ኔት፣ ኢዞይክ፣ ታቡላ፣ አድስቴራና ሌሎችም ለዚያው ቦታ ይሻማሉ። ሆኖም ጎግል በ1999 ዓ.ም. ደብልክሊክ የተባለውን የማስታወቂያ ድርጅት በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ከተስማማ ወዲህ የሻጩም የገዥውም ደላላ ሆነ፤ የማስታወቂያ ቦታው ጨረታ የሚካሄድበት ገበያም የራሱ ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ ቨርጂኒያ የፌዴራል ዳኛዋ ሊዮኒ ብሪንከማ ጎግል የባለ ድረ ገጾችን የማስታወቂያ ሶፍትዌርና የጨረታውን ገበያ በሕገ ወጥ መንገድ በሞኖፖል ይዟል ሲሉ ወስነዋል። ሚዛኑም ደላላውም የአንድ ሰው በሆነበት ገበያ ጤፍ የሸጠ ሁሉ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

«የብዙ ድርጅት ኮድ የለጠፈ ብዙ ያገኛል» ይባላል። አያገኝም። ኮድ በተደራረበ ቁጥር ገጹ ይከብዳል፤ ኔትወርኩ ደካማ የሆነበት አንባቢ ሳይከፈትለት ትቶት ይሄዳል። ዋጋ የሚያወጣው ተጫራቾቹ በአንድ ጊዜ መጠየቃቸው ነው። ቀድሞ መጀመሪያ አንዱ ድርጅት ይጠየቅ ነበር፣ እምቢ ካለ ወደ ሁለተኛው ይኬድ ነበር፤ ሦስተኛው የተሻለ ዋጋ ይዞ ቢጠብቅ እንኳ ተራው ላይደርስ ይችል ነበር። ከ2007 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያጫርት አሠራር ተስፋፋ። ጨረታው ዓይን ተርገብግቦ ሳይመለስ ያልቃል።

ብዙዎችን የሚያሳዝነው «ዋናው የአንባቢ ብዛት ነው» የሚለው እምነት ነው። ያው ጽሑፍ ሞጣ ላይ ሲነበብና ዋሽንግተን ላይ ሲነበብ ዋጋው እጅግ ይለያያል፤ አስተዋዋቂው የሚከፍለው ለገዥ እንጂ ለአንባቢ አይደለምና። የሞጣ ባለ ሱቅ ደግሞ በዚህ ጨረታ ውስጥ የለም። ቋንቋውም ሌላ ግድግዳ ነው። አድሴንስ ሂንዲን የተቀበለው በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም.፣ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚናገረውን ቤንጋሊኛን ደግሞ በመስከረም 2010 ዓ.ም. ነው። አማርኛ ለረጅም ዓመታት አድሴንስ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውጭ ኖሯል። ይህ የጸሐፊው ስንፍና አይደለም፤ በራሱ ቋንቋ ለወገኑ የጻፈ ሰው ሥራው ዋጋ እንደሌለው መቆጠሩ በእውነት ያስቆጫል። በዚያ ላይ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ የአካባቢው አንባቢ ከነጭራሹ ከገበያው ወጥቶ ነበር።

«ያንተን ማስታወቂያ ልጫንልህ፣ የኔን ተጫንልኝ» መባባልም አለ። ድርጅቶቹ የውሸት ጠቅታን ይለያሉ፤ ገንዘቡን ይሰርዛሉ፣ አካውንቱንም ይዘጋሉ።

የመጨረሻው «ቶሎ የሚከፍል ይሻላል» የሚለው ነው። አድሴንስ ሂሳቡ 100 ዶላር እስኪሞላ አይከፍልም፤ ለትንሽ ድረ ገጽ ይህ የብዙ ወራት ጥበቃ ነው። በጥቂት ዶላር የሚከፍሉት ተፎካካሪዎች በዚህ ይስባሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ የሚያመጡት ግን ሳይጠሩት የሚከፈት መስኮትና የቁማር ማስታወቂያ ነው። ስለ ቅኔ ሊያነብ የገባው ተማሪ ስልኩ ላይ ሌላ ገጽ ይከፈትበታል፤ ለንባብ የገዛው ፓኬጅም እዚያ ላይ ያልቃል።