ጭቃ ማቡኪያው የሚጎዳው ሲቆም ነው

ከሸክላ ሥራ ሁሉ አድካሚው ጭቃ ማቡካት ነው። የአዲስ አበባዋ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ይህን ሥራ የሚወጡት በገዛ ጉልበታቸው ነው። ፐግሚል የሚባለው የጭቃ ማቡኪያ ማሽን አሠራሩ ከሥጋ መፍጫ ብዙም አይለይም፤ በርሜሉ ውስጥ የሚዞረው ባለምላጭ ዘንግ ጭቃውን እየቆረጠና እያሸ ወደ ጠባቡ አፍ ይገፋዋል። ሻል ያለው ዓይነት በመሀል አየሩን በፓምፕ መጥጦ ያወጣል። ልደታ ውስጥ ትንሽ የሸክላ ስቱዲዮ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ለዚህ ማሽን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት «ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በእኔ አስተያየት የማሽኑን ዕድሜ በአብዛኛው የሚወስነው ቆሞ ሳለ የሚደርስበት ነው።

ሥራ አይጎዳውም ማለቴ አይደለም። ጭቃ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን ተራ ብረት ግን ከ4 እስከ 5 ነው፤ አሸዋ የበዛበት ጭቃ የምላጩን ጫፍ በየቀኑ ይሞርደዋል። በምላጩና በበርሜሉ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ጭቃው ወደፊት መሄዱን ትቶ ባለበት ይሽከረከራል። ይህ ግን ቀስ እያለ የሚመጣ፣ ሲመጣም የሚታይ ጉዳት ነው፤ ጥሩ በያጅ ጫፉን በጠንካራ ኤሌክትሮድ ሞልቶ ይመልሰዋል። ሲቆም የሚመጣው ጉዳት ግን አይታይም። በበጋው ደረቅ አየር አፉ ሳይሸፈን የተተወ በርሜል ውስጥ ጭቃው ከዳር ጀምሮ ይጠጥራል። በማግስቱ ማሽኑ ሲነሣ ዘንጉ አልዞር ይላል፤ ሞተሩ እያቃሰተ ይግላል፣ ጫናውም ጊርቦክሱና ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። በርሜሉ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ እርጥብ ጭቃ ለሳምንታት ሲተኛበት ብረቱን ይበላዋል፤ ነጭ ዱቄትና ቅርፊት እየፈጠረ ግድግዳውን ይቦረቡረዋል፣ ቅርፊቱም ተመልሶ ጭቃው ውስጥ ይገባል።

«እንግዲያው አይዝጌ ብረት ገዝቶ መገላገል ነው» የሚል ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው፤ ትንሽ የዝገት ፍንጣቂ ነጭ ፖርስሊንን ስለምታበላሽ፣ በፖርስሊን ለሚሠራ ሰው አይዝጌው ዋጋውን ያወጣል። ነገር ግን አይዝጌ ብረትም ቢሆን ጭቃው እንዳይደርቅ አያደርግም፤ በአሸዋ መሞረዱም አይቀርለትም። ሌላው «በየማታው ፈትቶ ማጠብን ማን ይችለዋል?» ይላል። ልክ ነው፣ አያስፈልግምም። ለማታው አፉንና መጨመሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ በፌስታል አጥብቆ ማሰር ይበቃል። ፈትቶ ማጠብ የሚገባው ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ሲቆም፣ ወይም ከቀይ ጭቃ ወደ ነጭ ሲዞር ነው።

በውጭ መመሪያ ብቻ የሚመራ ሰው አዲስ አበባ ላይ የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ በኢንች ሜርኩሪ የሚያነብ ተራ የቫኪዩም ጌጅ እዚህ ከ22 ወይም ከ23 አያልፍም። መመሪያው «27 ይድረስ» ስላለ ብቻ ደህናውን ፓምፕ አውጥቶ መጣል ብር መጣል ነው። ይልቅ የፓምፑን ዘይት ማየት ይሻላል፤ ከጭቃው የሚወጣው እንፋሎት ሲቀላቀልበት ወተት ይመስላል፣ ያን ጊዜ ይቀየራል። ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ ጌጁ ከለመደው በታች ከወረደ ግን አየር የሚያስገባ ጎማ ይፈለግ።

መብራት በሥራ መሀል ጥሎ ሲጠፋም ማሽኑ ቆመ ማለት ነው። ያኔ ማብሪያውን ማጥፋት፣ ሶኬቱንም መንቀል ያስፈልጋል፤ ኮንታክተር የሌለው ማሽን መብራት ሲመለስ በራሱ ይነሣል፣ እጅ መጨመሪያው ውስጥ ከሆነ ደግሞ አይምርም።

በጥገና በኩል ልደታ የታደለ ሰፈር ነው። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያለው የተግባረ ዕድ ኮሌጅ ለአሥርት ዓመታት የብረታ ብረትና የማሽን ባለሙያዎችን ሲያወጣ ኖሯል፤ ምላጭ የሚሞላ በያጅ፣ ዘንግ የሚያስተካክል ቶርኖ ቤት በከተማው አይጠፋም። ባለሙያው ሊረዳ የሚችለው ግን የሚፈታ ማሽን ሲመጣለት ነው። ስለዚህ ሊገዙ ያሰቡ ሁሉ ብሩን ከመቁጠራቸው በፊት ሻጩን በርሜሉን ፊታቸው እንዲፈታው ይጠይቁት። በተራ ቁልፍ የማይፈታ ከሆነ ይቅርባቸው።