ራስ ደጀን፤ ድንጋዩ፥ አየሩና ውኃው

በቅዱሳት መጻሕፍት ተራራ ትልቅ ስፍራ አለው። የኖኅ መርከብ ያረፈችው በአራራት ተራሮች ላይ ነው፤ ሙሴ ሕግን የተቀበለው በሲና ነው፤ ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን በታቦር መግለጡንም ልጆቻችን ሳይቀሩ በቡሄ ዕለት ጅራፍ እያጮኹ ያስቡታል። «ደብር» የሚለው የግእዝ ቃል ራሱ ተራራ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የተራራን ክብር የምናውቀውን ያህል የተራራን አካል፥ ይኸውም ድንጋዩን፥ አየሩንና ውኃውን አናውቅም። ስለዚህ በአገራችን ካሉት ከፍታዎች ሁሉ የበላይ ስለ ሆነው ስለ ራስ ደጀን ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ለመጻፍ አስበናል።

ራስ ደጀን፥ አንዳንዶች ራስ ዳሸን የሚሉት፥ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ በስሜን ተራሮች መካከል ይገኛል። በቆዩ የትምህርት መጻሕፍት ከፍታው 4,620 ሜትር እየተባለ ይጻፍ ነበር፤ የኋለኞቹ ልኬቶች ግን ከ4,533 እስከ 4,550 ሜትር ያደርጉታል። በስተምዕራቡ ከ4,400 ሜትር በላይ የሆነው ቧሂት ቆሟል፤ በሁለቱም መካከል የመሸሃ ወንዝ ጥልቅ ገደል ቆርጦ ያልፋል። ስለዚህ ከቧሂት ወደ ራስ ደጀን የሚሄድ መንገደኛ ያን ሁሉ ከፍታ ወርዶ እንደገና መውጣት ግድ ይሆንበታል። በዚያው አካባቢ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ ከፍታ አለ፤ የዜማው አባት ከአክሱም ወጥቶ በስሜን መንኖ እንደ ኖረ በቤተ ክርስቲያናችን ይነገራልና። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ደረስጌ ማርያም የምትገኘው በዚሁ በስሜን ነው።

ተራራው ከምን ተሠራ ብንል፥ ከሥሩ እጅግ ጥንታዊ ዐለት፥ በላዩም ባሕርና ወንዝ ያነጠፉት የአሸዋና የኖራ ድንጋይ አለ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ተሰንጥቃ የቀለጠ ዐለት ወጣ፤ ፈሰሰ፥ ረጋ፥ በረጋው ላይም ሌላ ፈሰሰ፤ እንዲህ እየሆነ በመሶብ እንደሚደረደር እንጀራ ተነባበረ። ይህ ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ነው። በዚያም ላይ እንደ ጋሻ ዝርግ የሆነ ታላቅ እሳተ ገሞራ አደገ። የዛሬው ጫፍ ጫፉ የሾለ ተራራ ግን እሳት እንዲህ አድርጎ አላቆመውም፤ ብዙ ዘመን ዝናብና ወንዝ እየሸረሸሩ ቀረጹት እንጂ። አንዳንዱ ገደል እስከ 1,500 ሜትር ይወርዳል።

ሚሊዮን ዓመት ሲባል ሰምተው ልጆቻቸው ከሃይማኖት እንዳይወጡ የሚሰጉ ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን። ስጋታቸውን አንንቅም። ነገር ግን ሊቃውንቶቻችን የእግዚአብሔር ዘመን በሰው ዘመን እንደማይለካ ያስተምራሉ። ድንጋዩን የሚመረምር ተማሪ ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ ይጠይቃል፤ ቤተ ክርስቲያንም ሠሪው ማን እንደ ሆነ ትነግረዋለች። ሁለቱን ጥያቄዎች የለየ ልጅ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ አይደናገርም።

አየሩንም በቀላል ስሌት ማወቅ ይቻላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ይህን የምንጽፍባት ቶንጎ ከአሶሳ በስተደቡብ ትገኛለች፤ አሶሳም ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ናት። የራስ ደጀን ጫፍ ከአሶሳ ወደ 3,000 ሜትር ያህል ይበልጣልና በአንድ ሰዓት ከእርሷ 18 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 57 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ የሚወጣ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፤ ውኃም በ85 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላ ሳይበስል ይቆያል። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በበጋ ቀን ፀሐይዋ ትፋጃለች፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። አልፎ አልፎም በረዶ መሬቱን ያለብሰዋል። ኮስማስ የተባለው መነኩሴ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ በገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ አንድ የአክሱም ንጉሥ በስሜን እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ እንደ ነበረ ተናግሯል። ከዚያ እጅግ አስቀድሞ፥ ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፥ በጫፎቹ የበረዶ ግግር እንደ ነበረ ግግሩ ገፍቶ የከመረው የድንጋይ ክምር ይመሰክራል። ዛሬ ግን የለም።

በዚህ ብርድ ጅብራ ይበቅላል፤ ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ከእርሱ በታች አስታ ይታያል። ጭላዳ በመንጋ ሣር ይግጣል፤ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድናል፤ ዋልያ በገደሉ ጫፍ ይራመዳል። ዋልያ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር የለም። ስለዚህ በ1962 ዓ.ም. የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ታወጀ፤ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ እርሱ ሲሆን፥ ሁለተኛው ከአገራችን የተመዘገበ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። እርሻና ግጦሽ ስለ ገፋው ግን በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ሄዱ፤ በ2009 ዓ.ም. ስሜን ከመዝገቡ ወጣ። ተራራው የሚጠበቀው በሰው ድካምና ዕንባ ጭምር መሆኑን እንዳንረሳ ይህን እንጽፋለን። በ2011 ዓ.ም. እሳት ሣሩንና አስታውን አቃጠለ፤ በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ቆጠራዎችም የዋልያው ቁጥር እጅግ መቀነሱን ያሳያሉ።

በቶንጎ ለሚኖር ሰው ይህ ምኑ ነው የሚል ይኖራል። «ደጀን» በአማርኛ ከኋላ ቆሞ ለሌላው ኃይል የሚሆን ነው። ከስሜን የሚወርደው ውኃ ወደ ተከዜ፥ ከተከዜም ወደ አትባራና ወደ ናይል ይሄዳል፤ ቁልቁለቱ ሲታረስ አፈሩ አብሮ ሄዶ 188 ሜትር ከፍታ ባለው በተከዜ ግድብ ይተኛል። በእኛም ወገን ዳቡስ ወደ ዐባይ ይገባል፤ ዐባይም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል። የደጋው ገበሬ ያጣው አፈር የቆላውን ግድብ ይሞላል። የስሜን ጉዳት የስሜን ሰው ጉዳት ብቻ አይደለም፤ የእኛም ኮረብታ ሲራቆት እንደዚሁ ነው።

አበው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፍ እንዳይቆረጥ ከልክለው ስለ ነበረ፥ ዙሪያው ሁሉ በተመነጠረበት አገር ዛሬም የቀረው ጥላ የደብሩ ጥላ ነው። ያው ሥርዓት ከቅጥሩ ውጭ ወዳለው መሬት ቢሰፋ ምን ያግዳል? ተዳፋት መሬት ያለው ሰው እርሻውን ወደ ታች ሳይሆን አግድም ይረስ፤ በጫፉም የድንጋይ እርከን ይሥራ፤ ገደሉን ለሣርና ለዛፍ ይተው። እናቶችና አባቶችም በሚመጣው ክረምት ልጆቻቸውን በደጃቸው ወዳለው ጅረት ወስደው ውኃውን በብርጭቆ ያስቀዱ፤ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ከታች የሚዘቅጠውን አፈር ያሳዩአቸው።