የመኪና ነገስታትና “ሌላኛዋ ፍቅረኛ”

የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪ በስራ ቀኑ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የምትከንፍ መኪና ውስጥ ተጣብቆ ይውላል። ታዲያ እረፍት ሲያገኝ ምን የሚያደርግ ይመስልዎታል? እግሩን ዘርግቶ ቴሌቪዥን ያያል ካሉ ተሳስተዋል። ብዙዎቹ ከመኪናቸው ሌላ የሚወዷት አንዲት ነገር አለቻቸው። አንዱ ሞተር ሳይክል፣ አንዱ አውሮፕላን፣ ሌላው የፍጥነት ጀልባ፣ ሌላው ደግሞ ተራ ሳይክል። ይህቺ “ሌላኛዋ ፍቅረኛ” ታዲያ አንዳንዱን ባለ ሀብት አድርጋዋለች፣ አንዳንዱን ከውድድር አስቀርታዋለች፣ አንዳንዱንም ይዛው ሄዳለች።

የሹሚ ሁለት ጎማ

ከሚካኤል ሹማከር እንጀምር። 7 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ከፌራሪ ጋር ጫማውን ሲሰቅል “በቃ ሊያርፍ ነው” ተባለ። ሹሚ ግን ዞር ብሎ ሞተር ሳይክል ላይ ወጣ። እንደ መዝናኛ ብቻ አይደለም፣ በ2008 በጀርመን የሱፐርባይክ ሻምፒዮና ከወጣቶቹ ጋር ተሰልፎ ተወዳደረ። በየካቲት 2009 ስፔን ካርታሄና ውስጥ ልምምድ ላይ ሳለ ወደቀና አንገቱን ክፉኛ ተጎዳ።

ጣጣው የመጣው ከወራት በኋላ ነው። በሐምሌ 2009 በሃንጋሪ ግራንድ ፕሪ የማጣሪያ ፉክክር ላይ ከሩበንስ ባሪኬሎ መኪና የተፈናጠረ ሞላ የፌራሪውን ፌሊፔ ማሳ ጭንቅላቱን መታው። ፌራሪዎች ወዲያው ሹማከርን ጠሩት። እሱም እሺ አለ። የፌራሪ ደጋፊ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። ነገር ግን ከጥቂት ቀናት ልምምድ በኋላ የአንገቱ ህመም አላስችል አለውና ነሐሴ ውስጥ “አልችልም” ሲል አሳወቀ። በምትኩ የገባው ሉካ ባዶዌር በሁለት ውድድሮች ከኋላ ተርታ ነው የጨረሰው። ያቺ ሞተር ሳይክል ባትኖር ሹሚ በዚያ ዓመት በቀይዋ መኪና ተመልሶ ይታይ ነበር። የተመለሰው በ2010 በመርሴዲስ ነው።

የላውዳ ሰማይ

ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ ደግሞ ልቡ ያለው ሰማይ ላይ ነበር። በ1976 ጀርመን ኑርበርግሪንግ ላይ መኪናው ውስጥ በእሳት ተቃጥሎ፣ ሞተ ሲባል ከ6 ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሞንዛ ላይ 4ኛ የወጣው ጉደኛ ሰው ነው። በ1979 ግን መኪናው ሰለቸውና ውድድሩን ጥሎ ወጣ። “ላውዳ ኤር” የተባለ የራሱን አየር መንገድ አቋቋመ። የአብራሪነት ፈቃድ ስለነበረው አንዳንዴ ተሳፋሪ ጭኖ ራሱ ያበር ነበር። በ1982 ወደ ውድድር ተመልሶ በ1984 3ኛውን የዓለም ሻምፒዮንነት ሲወስድም አየር መንገዱን አልተወም።

ግንቦት 1991 መጣ። የላውዳ ኤር ቦይንግ 767 ከባንኮክ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ታይላንድ ውስጥ ተከሰከሰ። 223 ሰዎች ሞቱ፣ አንድም የተረፈ የለም። በራሱ ላይ ለደረሰው ሁሉ ደንታ ያልነበረው ላውዳ በዚህ ግን ተሰበረ። አደጋው የደረሰበት ጫካ ድረስ ሄዶ ስብርባሪውን በዓይኑ አየ። ካረፉ በኋላ ፍጥነት ለመቀነስ የሚያገለግለው የሞተሩ ክፍል አየር ላይ ሳለ በራሱ መከፈቱ ታወቀ። ላውዳ የአምራቹን ኩባንያ ሰዎች አፋጠጣቸው። “አውሮፕላኑን አምጡና ያ ነገር ተከፍቶ እኔ ራሴ ላብረው” እስከማለት ደረሰ። በመጨረሻም ጥፋቱ የአብራሪዎቹ እንዳልሆነ ተረጋገጠ። ላውዳ በ2019 እስኪያርፍ ድረስ ከፎርሙላ ዋንም ከአውሮፕላንም አልራቀም።

የሂል ቤት ዕዳ

እንግሊዛዊው ግራሃም ሂል የሞናኮ ግራንድ ፕሪን፣ የኢንዲያናፖሊስ 500ንና የለ ማንስ 24 ሰዓትን ሦስቱንም ያሸነፈ ብቸኛ ሰው ነው። ከመኪና ቀጥሎ የሚወደው አነስተኛ አውሮፕላኑን ነበር። መኪና ማሽከርከር አቁሞ የራሱን ቡድን ሲመራ፣ በህዳር 1975 ከፈረንሳይ ልምምድ ሲመለስ በጉም ውስጥ ለንደን አቅራቢያ ተከሰከሰ። እሱን ጨምሮ 6 ሰዎች ሞቱ። ከመካከላቸው ተስፋ የተጣለበት ወጣቱ ቶኒ ብራይዝ ይገኝበታል። ቡድኑም በዚያው ፈረሰ።

ይባስ ብሎ የአውሮፕላኑ ወረቀት የተሟላ አልነበረም። ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። የሂል ቤተሰብ በአንድ ምሽት አባቱንም ሀብቱንም አጣ። በወቅቱ የ15 ዓመት ልጅ የነበረው ዴመን ሂል የቀን ስራ እየሰራ፣ በሞተር ሳይክል መልዕክት እያደረሰ አደገ። ውድድር የጀመረውም በሞተር ሳይክል ነው። ይሄ ልጅ ነው እንግዲህ በ1996 በዊሊያምስ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው። ሁለቱም ሻምፒዮን የሆኑ የመጀመሪያዎቹ አባትና ልጅ እነሱ ናቸው።

ከባህር ያልተመለሰው

በ1982 የፌራሪው ዲዲየ ፒሮኒ ሻምፒዮናውን እየመራ ሳለ ሆክንሃይም ላይ ሁለት እግሩ ተሰባበረ። ቀሪዎቹን 5 ውድድሮች ሳይሳተፍ ዋንጫውን በ5 ነጥብ ብቻ ለኬኬ ሮዝበርግ አስረከበ። እግሩ ወደ ፎርሙላ ዋን አልመለስህም ቢለው ፍጥነትን ባህር ላይ ፈለጋት። ነሐሴ 1987 እንግሊዝ ዋይት ደሴት አጠገብ በጀልባ ሲወዳደር መርከብ ያስነሳው ማዕበል ጀልባውን ገለበጠው። ፒሮኒና ሁለት ጓደኞቹ ሞቱ። ነፍሰ ጡር የነበረችው የልጆቹ እናት መንታ ወንዶች ስትወልድ አንዱን ዲዲየ፣ ሌላውን ጂል አለቻቸው። ጂል የተባለው በ1982 በሞተው፣ ከአባቱ ጋር ተኳርፎ በነበረው ጂል ቪልነቭ ስም ነው። ያ ልጅ አድጎ የመርሴዲስ ኢንጂነር ሆነ። በ2020 ሲልቨርስቶን ላይ ሃሚልተን ሲያሸንፍ የቡድኑን ዋንጫ መድረክ ላይ የተቀበለው እሱ ነው።

ሳይክልም ይጥላል

“እሺ፣ ሳይክልስ ምን ያደርጋል?” የሚል አይጠፋም። ማርክ ዌበርን ይጠይቁት። በህዳር 2008 ታዝማኒያ ውስጥ ሳይክል ሲነዳ መኪና ገጭቶት እግሩ ተሰበረ። ደግነቱ በቀጣዩ ሐምሌ፣ እግሩ ውስጥ ብረት እንዳለ፣ የመጀመሪያውን ግራንድ ፕሪ አሸነፈ። ፈርናንዶ አሎንሶም በየካቲት 2021 ስዊዘርላንድ ውስጥ በሳይክሉ ላይ ሳለ ከመኪና ጋር ተጋጭቶ መንጋጋው ተሰበረ። ሁለት የቲታኒየም ሳህን አስገብቶ በመጋቢት ባህሬን ላይ ለውድድር ቀረበ።

ቀልደኛውን ኪሚ ራይኮነንንም አንርሳው። በ2007 የፌራሪ ተቀጣሪ ሆኖ ሳለ አገሩ ፊንላንድ ውስጥ በበረዶ ላይ ሞተር ውድድር የገባው “ጄምስ ሃንት” በሚል የተውሶ ስም ነው። አሸነፈም። በበጋው ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር የጎሪላ ልብስ ለብሶ የጀልባ ውድድር ውስጥ ታየ። በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ!

የእግር ኳስ ክለቦች ተጨዋች ሲያስፈርሙ ሞተር ሳይክል መንዳትንና በበረዶ ላይ መንሸራተትን የሚከለክል አንቀጽ ማስገባታቸው የተለመደ ነው። በፌራሪ ላይ የደረሰውን ያየ ክለቦቹ አበዙት አይልም። ግን ደግሞ ሌላም ወገን አለ። ጆን ሰርቲስ በሞተር ሳይክል 7 የዓለም ሻምፒዮንነት ይዞ ነው ወደ መኪና የመጣው። በ1964 ከፌራሪ ጋር የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ሲሆን በሁለቱም የነገሰ ብቸኛ ሰው ሆነ። ሰርቲስን “ከሁለቱ አንዱን ምረጥ” ብሎ ገና በጠዋቱ የከለከለው ቢኖር ይህ ታሪክ አይጻፍም ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ፍጥነት የደመወዝ ጉዳይ አይደለም። ሰኞ ጠዋት ስራ ቦታ ጥለውት የሚወጡት ነገርም አይደለም። ችግሩ ሂሳቡ ሲመጣ ከፋዩ እነሱ ብቻ አለመሆናቸው ነው። ቡድኑም፣ ደጋፊውም፣ ከሁሉም በላይ ቤት የሚጠብቁ ልጆችም አብረው ይከፍላሉ።