ውኃን ከሰማይ ማየት፥ በምድርም መለካት

የእርሻ ሕይወቱ ውኃ ስለ ሆነ፥ ውኃን መጠበቅና በአግባቡ ማካፈል ለሕዝብ አስተዳዳሪ ከተሰጡት ሥራዎች ሁሉ የማይናቅ ነው። ነገር ግን ልኩ ያልታወቀ ንብረት ሊጠበቅ አይችልም። ጎተራውን የማይመለከት ባለቤት የእህሉን ማለቅ የሚያውቀው ወለሉ ሲታየው እንደ ሆነ፥ የወንዙንና የሐይቁን ልክ የማያውቅ ወረዳም የውኃውን ማነስ የሚረዳው ቦዩ ሲደርቅና ከብቱ ሲጠማ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ መድኀኒቱ ሩቅ፥ ክርክሩም ብዙ ይሆናል።

ስለዚህ የውኃ ምሕንድስና ሊቃውንት የምድሩን መለኪያ ከሰማይ መመልከቻ ጋራ ማጣመር ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗል። በሐምሌ ወር 1964 ዓ.ም. ላንድሳት የተባለችው የመጀመሪያዪቱ የአሜሪካ ሳተላይት የምድርን ፊት ፎቶግራፍ ለማንሣት ወደ ሰማይ ወጣች፤ ተከታዮቿም ሥራውን እስከ ዛሬ ቀጥለውበታል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ሁሉ ሥዕል ለሚሻው ሰው ያለ ዋጋ ይሰጣል። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶችም 10 ሜትር የሚያህለውን ነገር ለይተው፥ ሁለት ሆነው በየ5 ቀኑ ወደ አንድ ሥፍራ ይመለሳሉ። ኢትዮጵያም በበኩሏ የመጀመሪያዪቱን ሳተላይቷን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር አስወንጭፋለች።

ሳተላይት ውኃን ከደረቅ ምድር የሚለየው በብርሃን ነው። ከቀይ ቀለም ቀጥሎ ያለውን፥ በሰው ዓይን የማይታየውን ብርሃን ውኃ ውጦ ያስቀረዋል፤ ለምለም ቅጠል ግን አጥብቆ ይመልሰዋል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ሐይቁ ጠቁሮ፥ አዝመራው ፈክቶ ይታያል። በክረምት ደመና ሰማዩን ሲጋርድ፥ ራዳር የያዙት ሳተላይቶች ደመናውን አልፈው የውኃውን ዳርቻ ያሳያሉ። ደግሞም ውኃ የጠገበ አዝመራ በቅጠሉ ስለሚያተን ይቀዘቅዛል፤ የተጠማው ግን ይሞቃል። ሊቃውንት ይህን የሙቀት ልዩነት ከብርሃኑና ከአየሩ ጠባይ ጋራ አስተያይተው፥ እርሻው በቀን ስንት ውኃ እንዳተነ ያሰላሉ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋፖር በተባለው መዝገቡ ይህን ስሌት ለአፍሪካ አገሮች አዘጋጅቷል፤ ከእነርሱም መካከል የአዋሽ ሸለቆና የቆጋ መስኖ ይገኙበታል።

የዚህ ስሌት ጥቅም በአንድ ምሳሌ ይታያል። አዝመራው በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢያተን፥ ለአንድ ሄክታር 50 ሜትር ኩብ፥ ለ1,000 ሄክታር ደግሞ 50,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ የሚያወርድ ቦይ ግን በአንድ ቀን 86,400 ሜትር ኩብ ያመጣል። የቀረው 36,400 ሜትር ኩብ ወዴት ሄደ? ወደ መሬት ውስጥ ሰርጎ ይሆናል፤ በፈሰስ በኩል ወጥቶ ይሆናል፤ ወይም ሌላ ሰው ከመንገድ ጠልፎት ይሆናል። ቦዩን ብቻ የሚለካ ሹም ይህን ጥያቄ ለማንሣት እንኳ አይችልም።

ጥያቄው ሳይነሣ ሲቀር የሚከተለውን ጉዳት በስምጥ ሸለቆ ያሉ ሁለት ሐይቆች በግልጥ ያስተምራሉ። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ዓመታት ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ ሲለካ ስፋቱ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ካሬ ብቻ ነበር፤ በኋላ የተነሡት የሳተላይት ሥዕሎች ግን ከ40 ኪሎ ሜትር ካሬ በላይ መድረሱን አሳዩ። ውኃው ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ስለ ሆነ፥ የሸፈነውን መሬት ለእርሻም ለግጦሽም አላስቀረለትም፤ የባቡሩንና የመኪናውንም መንገድ አስጨንቋል። ስለ ምክንያቱ ያጠኑት ሊቃውንት በሁሉ ባይስማሙም፥ ከአካባቢው መስኖ ተርፎ ወደ መሬት የሰረገው ውኃ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ብዙዎች ይናገራሉ።

የአብያታ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው ሆኗል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ካሬ የሚጠጋ ስፋት ነበረው፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት አርባ ዓመታት ግማሽ ያህሉን አጥቶ በሥዕል ታየ። አብያታ መውጫ የሌለው፥ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፥ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል የሚመጣለትን የሚጠብቅ ሐይቅ ነው። ስለዚህ በመቂና በቀጠር ወንዞች፥ በዝዋይም ዳርና በቡልቡላ ላይ ለመስኖ የተቀዳው ሁሉ፥ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ የተወሰደው ውኃ፥ በመጨረሻው ሥፍራ ተደምሮ ተገለጠ። የሐይቁ ዓሣ አለቀ፤ በእርሱም ይመገቡ የነበሩት ወፎች ሌላ ሥፍራ ለመፈለግ ተገደዱ። ከላይ የቀዳ እያንዳንዱ ገበሬ የወሰደው ጥቂት ነበር፤ ድምሩን ያየ ግን በወንዙ ዳር አልነበረም።

ይሁን እንጂ የሰማዩ ዓይን ብቻውን ምስክር ሆኖ አይበቃም። ሥዕሉ የሐይቁን ስፋት እንጂ ጥልቀቱን አያሳይም። ስፋቱ 100 ኪሎ ሜትር ካሬ የሆነ ሐይቅ በ1 ሳንቲ ሜትር ሲቀንስ 1,000,000 ሜትር ኩብ ውኃ አጥቷል፤ ዳርቻው ገደል ከሆነ ግን ይህ በሥዕሉ ላይ ከቶ አይታወቅም። ከ10 ሜትር የሚጠብ ቦይም በሚገባ አይለይም። ዝናምን ከደመና ቅዝቃዜ የሚገምተው ስሌትም በምድር ዝናም መለኪያ ካልታረመ፥ ይልቁንም በተራራማ አገር፥ ይሳሳታል።

እንግዲህ የሳተላይቱ ሥዕል እውነተኛነት በወረዳው መዝገብ ላይ የተመሠረተ ነው። በወንዝ ወይም በሐይቅ ዳር የተተከለው የከፍታ መለኪያ ዘንግ በተወሰነ ሰዓት በየቀኑ ሊነበብ ይገባል። ጎርፍ ዘንጉን ቢያነቃንቀው፥ የተነቃነቀበትና እንደ ገና የተተከለበት ቀን ይጻፍ፤ ያለዚያ የዘንጉ መዛወር የውኃው መጉደል መስሎ ይታያል። የዝናም መለኪያው ከዛፍና ከቤት ራቅ ብሎ ይቁም። ዝናም ያልዘነመበት ቀን ዜሮ፥ ሳይለካ የቀረበት ቀን ደግሞ «አልተለካም» ተብሎ ይመዝገብ፤ ሁለቱን ማደባለቅም፥ ባዶውን ሥፍራ በግምት መሙላትም የብዙ ዓመት ድካም ያበላሻል። በየመስኖው የተዘራው የአዝመራ ዐይነትና የተዘራበት ቀንም ቢጻፍ፥ ሊቃውንቱ በሥዕሉ ያዩት ልምላሜ ምን እንደ ሆነ ለመለየት ይረዳቸዋል።

የላይኛውና የታችኛው ተጠቃሚ በውኃ ሲከራከሩ፥ ሥዕሉና መዝገቡ በአንድነት ቢቀርቡ ዳኝነቱ በጩኸት ብዛት ሳይሆን በልክ ይሆናል። ሳተላይቱ ወረዳንና ዞንን ሳይለይ ሸለቆውን በሙሉ ያያል፤ መለኪያውን ጠዋት ጠዋት የሚያነብ ሠራተኛ ደግሞ ሳተላይቱ ሊያይ የማይችለውን ያያል። ለዚህ ሠራተኛ ደብተሩንና ደመወዙን በጊዜው ማድረስ፥ መለኪያውንም ማስጠበቅ፥ ታላቅ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ግን ታላቅ ፍሬ ያለው የአስተዳዳሪ ሥራ ነው።