ማለቂያ ያለው ጨዋታ

ልጆች ቪዲዮ ጌም ይጫወቱ ወይስ አይጫወቱ የሚለው ክርክር ከሞላ ጎደል አልቋል። ይጫወታሉ። እቤት ብንከለክላቸው በጓደኛቸው ስልክ፣ ወይም በሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ተሰልፈው ይጫወታሉ። ስለዚህ እኛ ወላጆችና አያቶች ልንነጋገርበት የሚገባው «የትኛውን ይጫወቱ?» የሚለው ነው። እኔ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪገቡ ሦስት የልጅ ልጆቼን የምይዘው እኔ ነኝ። ለጥያቄው ያለኝ መልስ ብዙዎቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ አሮጌዎቹን ጨዋታዎች እመርጣለሁ።

አሮጌ የምላቸው የትኞቹን ነው? አራቱን ልጥቀስ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፓክማን በ1980 ጃፓን ውስጥ ናምኮ የተባለ ኩባንያ ያወጣው ነው፤ አንድ ቢጫ ክብ አፉን እየከፈተ ነጠብጣብ ይለቅማል፣ አራት መናፍስት ያሳድዱታል። ቴትሪስን በ1984 የሠራው አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለ፣ በሞስኮ በሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ይሠራ የነበረ ባለሙያ ነው፤ ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች እያዞሩ ክፍተት ሳይተዉ መደርደር ነው። ባለ ጺሙ ሰውዬ የሚዘልበት ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በ1985 ከኔንቴንዶ መጣ። አራተኛውን አብዛኞቻችሁ በእጃችሁ ነክታችሁታል፤ በ1997 ኖኪያ 6110 ስልክ ላይ የወጣው እባብ ነው።

እኔ ከእባቡ ጋር የተዋወቅኩት በሥራ ላይ ነው። ሞባይል ስልክ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ጭኑ ተሰብሮ እግሩ በክብደት ተስቦ ለሳምንታት በጀርባው የተኛ የ9 ዓመት ልጅ በክፍላችን ነበር። ብረቱ የገባበትን ቦታ በየቀኑ ማጽዳት ነበረብን። የማጽጃ ትሪውን ገና ሲያይ የሚያሰማው ለቅሶ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ይደርሳል። አንድ ቀን አጎቱ ኖኪያውን አስያዘው። እኔ ጎንበስ ብዬ ሳጸዳ ልጁ ድምፁ ጠፋ። ልጨርስ ስል ድንገት «ሲስተር፣ ሞትኩ!» ብሎ ጮኸ። ልቤ ቀጥ አለ። ቀና ብዬ ሳይ እባቡ የራሱን ጭራ ነክሶ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አጎትየው ሲመጣ ነበር ቁስሉን የምናጸዳው።

ይህ ተአምር አይደለም። አእምሮ በአንድ ነገር ተጠምዶ ሳለ ሕመምን የሚያዳምጥበት ጉልበት ይቀንሳል፤ በልጆች ሕክምና ሆን ተብሎ የሚሠራበት ዘዴ ነው። በ2009 የታተመ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። የሚያስደነግጥ ፊልም ካዩ በኋላ ቴትሪስ የተጫወቱ ሰዎች፣ ካልተጫወቱት ይልቅ አስፈሪዎቹ ትዕይንቶች በቀጣዮቹ ቀናት በሐሳባቸው የተመላለሱባቸው ጥቂት ጊዜ ነበር።

እኔ ግን አሮጌዎቹን የምወድበት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ ያልቃሉ። ማሪዮ ሦስት ሕይወት ይዞ ይጀምራል፣ ሲጨርሳቸው በቃ። ቴትሪስ እስከ ላይ ከሞላ በቃ። ፓክማን 256ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ራሱ ይቃወሳል፤ የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በተዘበራረቁ ፊደላትና ምልክቶች ይሞላና ማለፍ አይቻልም። ልጁ ይሸነፋል፣ ይናደዳል፣ እንደገና ይሞክራል ወይም ትቶት ይነሳል። መሸነፍንና ትቶ መነሳትን የሚማረው እዚያ ነው።

ዛሬ በነፃ ከሚወርዱት የስልክ ጨዋታዎች ብዙዎቹ ግን ማለቂያ የላቸውም። ዛሬ ማታ ካልገባህ ስጦታው ያመልጥሃል ይላሉ። ውስጡ ያለውን ሳያውቁ በገንዘብ የሚከፈት ሳጥን ያቀርባሉ፤ ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያለውን ሳጥን ከቁማር ቆጥራ ከልክላለች። ማንነቱን የማናውቀው ሰው ከልጃችን ጋር የሚያወራባቸውም አሉ። ነፃ የሆነው ጨዋታ ገቢ የሚያገኘው ልጁ በቆየ ቁጥር ነው፤ ታዲያ «በቃህ፣ ተነስ» እንዲለው ከየት እንጠብቃለን?

ይህን በቤታችን አይተነዋል። የ12 ዓመቱ የልጅ ልጄ ምሳ ቀርቦ ሲጠራ «እማማ፣ ጓደኞቼ ይጠብቁኛል፣ ማቆም አልችልም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ጨዋታው ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት የሚካሄድ ስለሆነ ማስቆሚያ የለውም። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ የስልክ ብርሃን ይታያል። ጠዋት ለመነሳት ትግል ነው፣ ታናሾቹ ላይ ይጮሃል፣ ክፍል ውስጥ እያንቀላፋ አስተማሪው እናቱን አስጠሩ። አባቱ ስልኩን እሰብራለሁ አለ። ተሰብስበን ተማከርን፤ ስልኩ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሳሎን እንዲያድር ተስማማን። በምትኩ አሮጌ ጨዋታዎች የተጫኑበት፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ ርካሽ መጫወቻ ገዛን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፊቱ አልተፈታም። ከዚያ ግን ከታናሽ እህቱ ጋር በማሪዮ መፎካከር ጀመረ። የስልኩን ጨዋታ ፈጽሞ አልተወም፤ ቅዳሜ ይጫወታል። ግን እንቅልፉን ይተኛል፤ ምሳ ሲጠራም «ይቺ ሕይወት ትለቅና» ብሎ፣ ሲያልቅ ይመጣል።

አሮጌ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። በሳንቲም ይሠሩ የነበሩት ማሽኖች ቶሎ ገድለው ሌላ ሳንቲም ለማስከፈል የተሠሩ ነበሩ። በ1992 የወጣው ሞርታል ኮምባት ደም ስለሚበዛበት ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ሴኔት ደርሶ፣ በ1994 ጨዋታዎችን ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆኑ የሚመድብ አካል እንዲቋቋም ምክንያት ሆኗል። ከዚህም ሌላ ዛሬ በስልክ የሚወርደው «ቴትሪስ» ወይም «እባብ» በማስታወቂያ የታጨቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁ ተጫውታችሁ እዩት፤ ዳታውን ዝጉና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ።

እንደ ጤና ባለሙያ የምጨምረው አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት ጭራሽ እንዳይቀመጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ ይመክራል። አሮጌ ጨዋታ ነው ብሎ ለሕፃን መስጠት አይገባም። ተለቅ ያሉት በየ20 ደቂቃው ዓይናቸውን አንስተው ራቅ ያለ ነገር ይመልከቱ፤ መጫወቻውም ከመኝታ ቤት ይውጣ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካላችሁ ብልጭ ድርግም የሚል ስክሪን ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደግሞም ጨዋታ የሚወድ ልጅ ሁሉ ሱሰኛ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን በበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ ሲያስገባ ያስቀመጠው መለኪያ ጠበቅ ያለ ነው። ሰውየው ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው ኑሮው ሁሉ ሲቀድምበት፣ እየጎዳውም ማቆም ሲሳነውና ይህም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ግን ቁጣ አያድንም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት።

ለአያቶች የተለየ መልእክት አለኝ። የዛሬውን ጨዋታ ሦስት ጊዜ ቢያስረዱን ላይገባን ይችላል፤ ቴትሪስ ግን በአምስት ደቂቃ ይገባል። እኛ ገበጣ ስንጫወት አጠገባችን ተቀምጦ ጠጠር የሚቆጥር ሰው ነበረን። ለልጆቹም እንዲህ ያለ ሰው እንሁንላቸው። ጎናቸው ተቀምጣችሁ ተራ ጠብቃችሁ ተጫወቱ። ትሸነፋላችሁ፣ ይስቁባችኋል፤ በሳቁ መሐል ግን ትምህርት ቤት ማን እንደመታቸው፣ የትኛው ፈተና እንዳስፈራቸው ሲያወሩ ትሰማላችሁ። ጨዋታው ሲያልቅ መጫወቻውን አጥፉና ወሬውን ቀጥሉ።