የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ምን ትነግረናለች?

በአሽከርካሪው ፊት የሞተር ቅርጽ ያላት ትንሽ ብጫ መብራት በድንገት ትበራለች። አንዱ «ሴንሰር ነው» ብሎ ችላ ይላታል፤ ሌላው የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ያጠፋታል፤ ሦስተኛው ደንግጦ መንገድ ዳር ይቆማል። ለመሆኑ ትክክለኛው የቱ ነው?

መልሱን ለማግኘት የመብራቷን ዓላማ ማወቅ ይገባል። መብራቷ በዋነኛነት የተተከለችው አየር እንዳይበከል ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የተሠሩ አዳዲስ የቤት መኪናዎች፣ የጭስ ብክለትን የሚያባብሱ ብልሽቶችን በኮምፒውተር ራሳቸው እየመረመሩ በመብራት እንዲያሳውቁ በደንብ ተገደዋል።

ኮምፒውተሩ እንዴት ያውቃል?

1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይሻል። በጭስ ማውጫው ላይ የሚገኘው የኦክስጅን ሴንሰር በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይለካል። በተለመደው ዓይነት ሴንሰር ነዳጅ ሲበዛ ምልክቱ ወደ 0.9 ቮልት፣ አየር ሲበዛ ደግሞ ወደ 0.1 ቮልት ይጠጋል። ኮምፒውተሩም በዚሁ መሠረት ነዳጁን ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ማስተካከያው ከገደቡ ሲያልፍ የብልሽቱን ኮድ ይመዘግብና መብራቷን ያበራል።

ይሁን እንጂ ኮዱ የሚናገረው ምልክቱን እንጂ በሽታውን አይደለም። ለምሳሌ «ፒ 0171» ማለት ለነዳጁ አየር በዝቶበታል ማለት ነው። መንስኤው የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ኮዱን ብቻ አይቶ የኦክስጅን ሴንሰሩን መለወጥ፣ ትኩሳት አሳየ ተብሎ ቴርሞሜትሩን እንደ መለወጥ ነው። የባትሪ ገመድ መንቀልም ኮዱንና ብልሽቱ ሲከሰት የተመዘገበውን መረጃ ስለሚያጠፋ የመካኒኩን ምርመራ ያከብደዋል።

ብልጭ ድርግም ስትል

መብራቷ ሳትቋረጥ ከበራችና መኪናው እንደ ወትሮው ከሄደ፣ ረጋ ብሎ እየነዱ ወደ ጋራዥ መውሰድ ይቻላል። በአንዳንድ መኪናዎች የነዳጅ መሙያው ክዳን መላላት ብቻ ሊያበራት ስለሚችል፣ አስቀድሞ እሱን ማጥበቅ ይበጃል።

ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በካንዴላ ወይም በኮይል ብልሽት ምክንያት በሲሊንደሩ ውስጥ ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ጭስ ማጣሪያው አልፎ እዚያ ይቃጠላል። ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተቀባው የማጣሪያው ሴራሚክ በሙቀቱ ይቀልጣል። በአንድ ካንዴላ ዋጋ ሊታለፍ ይችል የነበረው ብልሽት እጅግ ውድ የሆነውን ክፍል ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ ፍጥነትን ወዲያው መቀነስና፣ ብልጭታው ካልቆመ፣ ምቹ ቦታ ላይ ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። ቀይ የዘይት ወይም የሙቀት መብራት ከታየማ ያለ ማመንታት መቆም ነው።

እንግዲህ ትንሿ መብራት ልትደመጥ እንጂ ልትፈራ ወይም ልትታፈን አይገባም።