የቁራሽ እንጀራና የአብነት ትምህርት ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አብነት ትምህርት ቤት ነው። ይኸውም አባቶቻችን ያለ ደመወዝና ያለ በጀት አቁመው ያስረከቡን፣ በአጥቢያው ሕዝብ ቁራሽ የሚኖር ትምህርት ቤት ነው።

የትምህርቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። ሕፃኑ አስቀድሞ በንባብ ቤት ፊደል ይቈጥራል፤ የግዕዙ ፊደል 26 ሲሆን እያንዳንዱ 7 ድምፅ አለው። ከዚያም አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌሉን አልፎ ወደ 150ው መዝሙረ ዳዊት ይደርሳል። ከንባብ ቤት የወጣው ደግሞ በዜማ ቤት የቅዱስ ያሬድን 3 ዜማዎች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ይማራል። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቁን ይለያል፤ በመጻሕፍት ቤትም ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን በትርጓሜ ይመረምራል። ድጓን የሚሻ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን የሚሻ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋምን የሚሻ ወደ ጎንደር፣ ቅኔን የሚሻ ወደ ዋሸራ ይወርድ እንደ ነበረ የታወቀ ነው።

ምናልባት አንዳንዱ፣ «መጻሕፍቱ ታትመዋል፤ ዜማውም በመቅረጫ ተይዟል፤ እንግዲህ ጉባኤው ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በድጓው ላይ ይዘት፣ ጭረት፣ ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች ቢጻፉም፣ ድምፁ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚያውቀው ከመምህሩ አፍ የሰማ ደቀ መዝሙር ብቻ ነው። መቅረጫው ያሰማል እንጂ አያርምም። መምህሩ ግን የተማሪውን ስሕተት ሰምቶ፣ «ልጄ፣ መልሰህ በል» ይላል። ስለዚህ አንድ መምህር ተተኪ ሳያወጣ ቢያርፍ፣ መጽሐፉ በሣጥን ቢቀመጥም ድምፁ ከእርሱ ጋር ይቀበራል።

የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ የዓለም ቅርስ ሆነው በመመዝገባቸው ሁላችንም ደስ ብሎናል። ዳሩ ግን በታቦቱ ፊት ጸናጽል ይዞ የሚያሸበሽበው መዘምር ከየት የተገኘ ነው? ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ከለመነው ልጅ አይደለምን? በዓሉን አክብረን ልጁን በውሻ ብናስባርር፣ ፍሬውን እየበላን ሥሩን መቍረጣችን ነው።

እኛም በዚያ መንገድ ያለፍን ነንና አንድ ነገር በግልጥ እንናገር። የቆሎ ተማሪው ረኀብ የሚመሰገን ነገር አይደለም። ትሕትናን ያስተማረን ሳንጠየፍ እጃችንን መዘርጋታችን ነው፤ በባዶ ሆድ ማደራችን ግን ትምህርቱን ከብዙ ጓደኞቻችን ነጥቋል። ከእኛ ይልቅ ድምፀ መልካም የነበሩ፣ በበሽታና በችግር ጉባኤውን ትተው የሄዱ ነበሩ። እነርሱ ይዘው የሄዱትን ዜማ ዛሬ ከማን እንቀበለዋለን? በዚህም የሚጠየቀው መምህሩ ብቻ አይደለም፤ ደጁን የዘጋ ሁሉ ነው።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፤ የአብነት ትምህርት ቤት የእናንተ ነው። ቁራሹ ምጽዋት ብቻ ሳይሆን የመምህሩ ደመወዝ፣ የተማሪው ቀለብ፣ የትምህርት ቤቱም ግድግዳ ነው። በየአጥቢያው በሰበካ ጉባኤያችሁ ተመካክራችሁ ለተማሪዎቹ ቀለብና ማደሪያ አዘጋጁ፤ የታመመውን አሳክሙ። ልጆቻችሁንም ከዘመናዊው ትምህርት አታስቀሩ፤ ነገር ግን ከዚያ በተረፈው ሰዓት ወደ የኔታ ላኳቸው። ሒሳብና ሳይንስ የሚማር ልጅ ዳዊት ቢደግም የሚጐዳው የለም፤ እንዲያውም አንደበቱም አእምሮውም ይሰላል።

ነገ ጧት ከደጃችሁ የልጅ ድምፅ ብትሰሙ፣ የለመናችሁ አንድ ልጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ ከእርሱ ጋር ቆመዋልና፣ ቁራሹን በአክብሮት ስጡት፤ ስሙንም ጠይቁት።

እግዚአብሔር አምላካችን መምህራኑን በዕድሜ፣ ተማሪዎቹን በጥበብ ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።